የሚተነፍሰው ኮሞዲኖ

ጡረታ የወጣችው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሰው የጣለውን ዕቃ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። እጀታው የተነቀለ ድስት፣ እግሩ የተሰበረ በርጩማ፣ ገመዱ የተበጠሰ ካውያ፣ ሁሉም እሷ ቤት ገብቶ ታጥቦና ተጠግኖ ይወጣል። የሕንፃው ሰዎች «ለቃሚት» ይሏታል። «እናንተ ብቻ ጣሉ» ብላ ትስቃለች።

ድሮ የሚጠግንላት ባሏ ነበር፤ አርባ ዓመት በአናጢነት የኖረ ሰው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን መሣሪያዎቹን አልጋ ሥር ከትቶ መስኮት ዳር ተቀምጧል። ብታናግረው ከአንድ ቃል በላይ አይወጣውም።

አንድ ጠዋት ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ባለ ሁለት መሳቢያ ኮሞዲኖ አገኘች። አረንጓዴ ተቀብቶ፣ በላዩ ነጭ፣ በዚያም ላይ ቡናማ፤ መልኩ አያስቀርብም። ዘበኛው ደረጃውን አብሯት ተሸክሞ እየወጣ፣ «እትዬ፣ ይሄስ ለማገዶ ነበር የሚሻለው» አላት።

«ዝም ብለህ ጫፉን ያዝ።»

በረንዳ ላይ አቁማ በሳሙና ፈተገችው። ጠርዙን በቢላ ስትፍቀው ከሦስቱ ቀለም ሥር ቀላ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ብቅ አለ። ከዚያ ክፍት የነበረውን የላይኛውን መሳቢያ ገፋ አደረገችው። ኮሽ ሳይል ገባ። ወዲያው የታችኛው፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ወደ እሷ ወጣ።

እጇን ሰበሰበች። የታችኛውን መልሳ ስትገፋው የላይኛው ወጣ።

«አንተ ሰው፣ እስቲ ና» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚተነፍስ ነገር ይዤ መጥቻለሁ።»

ባሏ እየተጎተተ መጣ። አሳየችው። በጉልበቱ ተንበርክኮ መጋጠሚያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ሚስማር የለውም። አንድም» አለ። «የሚገፋው አየሩ ነው። ማምለጫ ሲያጣ ሌላኛውን መሳቢያ ያስወጣዋል። ፀጉር የሚያሾልክ ክፍተት የለውም ማለት ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ እንዲህ ያለ አለ ሲለኝ ውሸቱን ነው ብዬ ነበር።»

«አንተ አትሠራውም ነበር?»

«እጄ ደህና በነበረበት ጊዜም አልደርስበትም።» ሲናገር ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ እንግዳ ደስታ እንጂ።

በማግሥቱ ብርጭቆ ወረቀት አስገዛት። ለመፈግፈግ የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙም አያስቸግርም። ሦስት ሳምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈገፈጉት።

ወሬው ሲዳረስ ኮሞዲኖውን የጣለችው የአራተኛ ፎቅ ጎረቤት መጣች። «የባለቤቴ አያት ዕቃ ነው» አለች። «አንዱን ስንዘጋ ሌላው እየተከፈተ አስመረረን።»

አናጢው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሚስቱ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዓመት አልፎ ነበር። ስቆ ሲያበቃ ለጎረቤቲቱ የአየሩን ምስጢር ነገራት።

«ከፈለግሽ ያንቺው ነው፣ ውሰጂው» አለች አጣቢዋ፣ እጇን ከኮሞዲኖው ሳታነሳ።

ጎረቤቲቱ የላይኛውን መሳቢያ ገፋች። የታችኛው ሲወጣ ትንፋሿን ይዛ አየችው። «እናንተ ጋ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ግን እየመጣሁ ልየው።»

ልብስ ያስገቡበት ከሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ባዶውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ሰነበቱ።