የድንጋዩ ድርሻ

ደብሬ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ፋሲካ በመጣ ቁጥር አንጀቷን የሚያሳርራት የሁዳዴው ርዝመት አልነበረም፤ የባሏ ታላቅ ወንድም የካሳ ቢላዋ መሳያ ድንጋይ ነበር። ሴት አታርድም። ይህ የአገሩ ደንብ ነው፤ እሷም ከደንቡ ጠብ የላትም። ካሳ ግን የሷን በግ አርዶ በገፈፈ ቁጥር፣ «ይህ የድንጋዩ ድርሻ ነው» ብሎ ቆዳውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ድንጋዩን ከአባቱ ለብቻው ወርሶ፣ ማጭዱንም መጥረቢያውንም እየፋቀበት መሐሉን ገንዳ አድርጎታል! በዚያ የተሳለ ቢላዋ ምን ስለት ይኖረዋል? ቆዳውን ወንፊት ነው የሚያደርገው። ልጇ ዘበነ ደግሞ ጋዝጊብላ ከየኔታ ዘንድ፣ የሚለብሰው የበግ ቆዳ ደበሎ አጥቶ በውርጭ እየተንቀጠቀጠ ዳዊት ይደግማል።

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ ሕማማት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ «አሁንስ በቃኝ!» ብላ ዶሮዋን ታቅፋ ሰቆጣ ገበያ ወጣች።

ነጋዴው ገብረ አምላክ ከጣሊያን ካሚዮን የተረፈ ሞረድ አነሳላት። ቢላዋዋን ከመቀነቷ መዛ አንዴ ሳበችበትና መዳፏ ላይ የረገፈውን የብረት ዱቄት አየች።

«ይህ ቢላዋ ይበላል እንጂ አይስልም።»

ቀይ ሻካራ ድንጋይ አቀበላት።

«ይህም ለማጭድ ነው።»

«ምነው ሴትዮ፣ የሚመርጥልሽ ወንድ የለሽም?»

«ቢኖረኝ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ!» አለች ደሟ ፈልቶ።

በመጨረሻ ከጆንያው ሥር ጥቁር ልስልስ የወንዝ ድንጋይ አወጣ። እንትፍ ብላበት ሳለችና ቢላዋውን ክንዷ ላይ ሞከረችው። ጸጉሩን ላጨው። ዶሮዋን ሰጥታ፣ ስለቱን የምታለሰልስበት የጠፍር ቁራጭ አስመርቃ ተመለሰች።

በፋሲካ ንጋት ካሳ መጣና ድንጋዩን አየ።

«የአባቴን ድንጋይ ናቅሽ? በይ ድንጋይሽ ይረድልሽ!» ብሎ ጋቢውን መልሶ ወጣ።

ደብሬ በንዴት እያበጠች መንገድ ዳር ቆመች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ምንዋጋው የሚባል ገበሬ አገኘች።

«ወንድሜ፣ በሥላሴ ስም ባርከህ እረድልኝ።»

አማትቦ በቢላዋዋ አርዶ ገፈፈላት። ቢላዋው በቆዳውና በሥጋው መካከል ያለ ትግል አለፈ፤ ቆዳው አንድ ጭረት ሳይገኝበት ወጣ። ምንዋጋው ጥቂት ሥጋ ቀምሶ መርቋት ሄደ፤ እሷም ቆዳውን በችካል ወጠረችው።

እኩለ ቀን ላይ ካሳ ተመልሶ መጣ። የተወጠረውን ቆዳ ሲያይ የመጣበትን ጉዳይ ረሳ።

«የድንጋዩን ድርሻ አምጪ እንጂ!»

ደብሬ በቆዳውና በሱ መካከል ቆመች። «ድርሻው የድንጋዩ ከሆነ፣ አያ ካሳ፣ ድንጋዩ የእኔ ነው!» አለች ጮክ ብላ። ያን ሁሉ ፋሲካ አፏን ዘግታ ማሳለፏ አናዷት ነው።

ካሳ የመጣበት ጉዳይ ትዝ ሲለው ከጋቢው ሥር ቢላዋውን አወጣ።

«እስቲ ስለት አውጪልኝ። በጌ ግማሹ ተገፎ ተሰቅሏል፤ ይህ ቢላዋ እምቢ አለኝ።»

ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ዶልዱሟል።

«እስለዋለሁ፣ አያ ካሳ» አለች። «ገፈው ሲጨርሱ ቆዳውን ይዘውልኝ ይምጡ።»