የትውስቱ ብርድ ልብስ

አውቶቡሱ ሲታጠፍ ከእማማ ፌስታል የወረደው ውሃ ጎናቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ጫማ አራሰው። ሰውዬው እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ፌስታሉን አየ።

«ዓሣ አይደለም፤ ብርድ ልብስ ነው» አሉ እማማ ቶሎ ብለው። «ንጹሕ ነው፤ ገና ማጠቤ ነው።»

ሰውዬው ምንም አልጠየቃቸውም። እማማ ግን ሲጨንቃቸው ወሬ ያበዛሉ፤ ዛሬ ደግሞ ከነጋ ጀምሮ እንደጨነቃቸው ነው።

ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው የሮክ ከበሮ መቺ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ለእሳቸው ያው ልጅ ነው። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮው የፊት ቆዳ የለውም፤ ሆዱ ውስጥ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ልጁ ሕፃን ሳለ የሚተኛበት ነበር። ጠርዙ ተተልትሏል፤ መሃሉ ላይ የወተት ይሁን የመድኃኒት የማይታወቅ እድፍ አለበት። ትናንት ከበሮዎቹን ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ሲያዩ እማማን ሐሳብ ገባቸው። ነገ ኮንሰርቱ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይህን ጨርቅ ሊያይ ነው፤ አሳዳጊ የለውም እንዴ ሊባል ነው። ጎትተው አወጡና ዘፈዘፉት። ጠዋት ልጁ ከበሮዎቹን በጓደኛው መኪና ጭኖ ሲወጣ ብርድ ልብሱ ገመድ ላይ ነበር።

ከአዳራሹ ደወለ።

«እማማ፣ ከበሮው ውስጥ የነበረውን አይተሻል?»

«አጠብኩልህ።»

«በሳሙና?»

«በምን ላጥበው ታዲያ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደወትሮው አልረዘመም። ብርድ ልብሱ ከሌለ ትልቁ ከበሮ እንደ ባዶ በርሜል እንደሚጮህ፣ ሌላ ጨርቅ እንደሚሞክር፣ እሳቸው መልፋት እንደሌለባቸው ነገራቸው። አትልፊ ሲባሉ ሰምተው የማያውቁት እማማ ከነውሃው ፌስታል ውስጥ ከተው ወጡ።

ቀኑ የዋዛ ቀን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ኮንሰርት ሦስት ባንዶች በተራ ይጫወታሉ፤ ለሦስቱም ከበሮ የሚመታው እሱ ነው። አንዱ የጋራዥ መካኒኮች ያቋቋሙት ፈጣን ባንድ ነው፤ ሁለተኛው አንዲት ድምፃዊት የምትመራው ለስላሳ ባንድ፤ ሦስተኛው ስሙ የገነነው ትልቁ ባንድ። ከነዚህ በፊትም ከስንቱ ጋር ሠርቷል። ፀጉራቸው የሸበተ የድሮ ሮክ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ጠርተውት ሁለት ዓመት አብሯቸው ዞሯል። ሙዚቀኞቹ ለዚህ ነው «ትውስቱ» የሚሉት። እማማ ስሙን አይወዱትም። እንደ ጎረቤት ድስት ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚዋሱት ዕቃ ያስመስልባቸዋል። አፍ አውጥተው አይናገሩት እንጂ፣ የትም የማይረጋው የሚያስቀረው አጥቶ ነው ብለው ሲብሰለሰሉ ኖረዋል።

አሁን ትልቁ ባንድ ሊያስቀረው ነው። ቋሚ ደመወዝ፣ ሕክምና፣ ዓመት ሙሉ ሥራ አለው። በምትኩ ለሌላ ባንድ መምታት የለም። ከኮንሰርቱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ውል ያስፈርመዋል። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ሲያመነታ ከርሞ ትናንት ራት ላይ፣ «በቃ እፈርማለሁ፤ አንቺም እንቅልፍሽን ተኚ» አላቸው። እማማ ተመስገን አሉ። እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም።

የአዳራሹ ዘበኛ የማን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው፣ «የከበሮ መቺው ነኝ» አሉት ቀና ብለው፤ የአውቶቡሱ ግፊያ ሁሉ ከላያቸው የወረደ መሰላቸው።

ልጁ ከነፌስታላቸው አቀፋቸው። እማማ ከቦርሳቸው ሹራብ፣ ዳቦ በእንቁላልና ለጆሮው የሚሆን ጥጥ አወጡ። ሹራቡን ይሞቃል ብሎ መለሰ፣ ዳቦውን በቁሙ በላ፣ ጥጡን ኪሱ ከተተ። ለጆሮው ከጥጥ የተሻለ ነገር እንዳለው ስንቴ ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ስንቴ ረስተውታል።

ብርድ ልብሱ ገና ጠብ ጠብ ይላል። ዘዴ የፈጠረችው ድምፃዊቷ ነች። ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወሰደቻቸውና የፀጉር ማድረቂያዋን ሰካች። እማማ ዘርግተው ያዙ፤ እሷ እያዟዟረች ታሞቀው ጀመር።

«ለመሆኑ ልጄን እንዴት አገኛችሁት?» አሉ እማማ።

«የኛ መቺ ጥሎን ሄደ። ትውስቱ መጣና ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ አዳመጠን፤ አንዴ እንኳ አልመታም። እኔማ፣ ይሄ ሰውዬ ከበሮ ይችላል ግን? ብዬ ነበር።» ሳቀች። «የኔ ድምፅ ቀጭን ነው፣ እማማ። ሌላ ሰው ሲመታ ይዋጣል። እሱ ሲመታ መጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማል።»

«ሊፈርም እንደሆነ ነግሯችኋል?»

«ነግሮናል። ይገባዋል፤ ከሱ በላይ የሚገባው ሰው የለም» አለች። ይህን ስትል ማድረቂያውን ማዟዟር ረስታ ነበር። ብርድ ልብሱ መሽተት ሲጀምር እማማ እጇን ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ጎን ዞር አደረጉላት።

ኮንሰርቱ ሊጀመር ሲል ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር አስመጣላቸው። ጨዋ ሰው ነው። ልጁ ልቡ ለሁለት የተከፈለ እንደሚመስለው አጫወታቸውና እሳቸውን ስለሚሰማ አንድ ቃል እንዲሉለት ለመናቸው። እማማም «አይዞህ፣ የምለውን አውቶቡስ ላይ ጨርሼ ነው የመጣሁት» አሉት።

መጀመሪያ መካኒኮቹ ወጡ። ልጁ ብርድ ልብሱን ትልቁ ከበሮ ውስጥ ከትቶ ጫፉ ብቻ የሚመታውን ቆዳ እንዲነካ ወደ ጥግ ገፋው። ከዚያ የወረደው መብረቅ ነው። እማማ ደረታቸውን ያዙ፤ ወንበራቸው ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት እንዳይቆጣ ብለው ቤት ውስጥ በትራስ የሚያለማምዱት እሳቸው ናቸው፤ በዚህ ምት ሁለት ትራስ አፈንድቶባቸዋል። ከትራሱ ሥር ይህን የሚያህል ነገር ተደብቆ ይኖራል ብለው ግን አላሰቡም። መካኒኮቹ ዞር እያሉ ያዩታል፤ እሱም ይስቅላቸዋል።

ለድምፃዊቷ ባንድ ሲሆን ተንበርክኮ ብርድ ልብሱን ወደ ቆዳው አስጠጋና ለጠፈው። ያው ከበሮ፣ ያው እጅ፣ አሁን በር በዝግታ የሚያንኳኳ እንግዳ ሆነ። ዐይኑን ከድምፃዊቷ አይነቅልም። ትንፋሽ ስትወስድ ይጠብቃታል፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ከሥር ይቀበላታል። እማማ ይህን አያያዝ ያውቁታል። እሳቸው ደረጃ ሲወጡ ክንዳቸውን ሳይይዝ፣ ግን አንድ እርምጃ ከኋላ የሚከተላቸው እንዲህ ነው።

በገዛ ሐሳባቸው አፈሩ። ይህን ልጅ ማን ጥሎት ያውቃል? ጎደለን ያለ ሁሉ ሲጠራው እኮ ነው የዞረው።

በመጨረሻ ትልቁ ባንድ ወጣ። ልጁ ምት የሚቆጥርለትን መሣሪያ ጆሮው ላይ ሰካና ከላይ እስከ ታች አንዲት ሳያዛንፍ መታ። ሕዝቡ ተነስቶ ጮኸ። እማማም አጨበጨቡ፤ ያምራል፣ ሐሰት ምን ያደርጋል። ብቻ ፊቱን አዩት። ልጅ ሳለ የቤት ሥራውን አጠናቆ መስኮት መስኮቱን ሲያይ የሚያሳየው ፊት ነበር። እዚህ ትንፋሹን የሚጠብቅለት ሰው የለም፤ ዞሮ እሱንም የሚያይ የለም።

አዳራሹ ሲለቀቅ ሥራ አስኪያጁ ውሉን ትንሹ ከበሮ ላይ ዘረጋ። ከበሮዎቹ ከዛሬ ጀምሮ በባንዱ መጋዘን እንደሚያድሩ ተናገረ። «ይህችን ጨርቅ ደግሞ እንገላገላት» አለ እየሳቀ፤ «በልኩ የተቆረጠ ስፖንጅ አለን።»

ልጁ እስክሪብቶውን ተቀበለና ወደ አያቱ ዞረ።

«እማማ፣ ምን ትያለሽ?»

ሥራ አስኪያጁ በተስፋ አያቸው። መጋረጃው አጠገብ ድምፃዊቷ የማይክራፎኗን ገመድ ጠቅልላ ጨረሰችና መልሳ ፈታችው።

አውቶቡስ ላይ ያሰናዱት «ፈርምና እረፍ» የሚለው ንግግር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ስጋታቸውም የትም አልሄደም፤ ዛሬም አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ እንደሚያድሩ ያውቁታል። ጉልበታቸውን ደግፈው ጎንበስ አሉና ክንዳቸውን ከበሮው ሆድ ውስጥ ከተቱ። ብርድ ልብሱን አውጥተው አራገፉት፤ እድፉ ወደ ውጭ እንደሆነ አጣጠፉት።

«ነገ ልምምድህ ከማን ጋር ነው?»

ልጁ አያቸው። «ከነሱ ጋር» አለ በአገጩ ወደ ድምፃዊቷ እያሳየ።

«ጠርዙ አልደረቀም። ቤት ወስጄ ላስጣው።»

ብርድ ልብሱን ፌስታላቸው ውስጥ ከተው እስክሪብቶውን ከልጁ ጣቶች ቀስ ብለው ወሰዱና ለሥራ አስኪያጁ መለሱለት።

«አትቀየመኝ፣ ልጄ» አሉት። «ስትፈልጉት ተዋሱት፤ ይመጣል። ብቻ አታስመሹብኝ።»