ትርጉም ያልተገኘላት የኮክ ዛፍ

አዛውንቱ አትክልተኛ በዚያ ቤተ መንግሥት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ በፊት ለፊቱ በር አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ በር ነው፤ የሚወጣውም በዚያው ነው። ቤተ መንግሥቱ ነገሥታቱን ካጣና ሙዚየም ከሆነ ዘመን ቢቆጠርም የጓሮውን በር ሕግ የሻረው የለም። በጡረታ ሲሰናበቱ ግን መሥሪያ ቤቱ ውለታቸውን አልረሳም። ስማቸው ተሳስቶ የተጻፈበት የምስክር ወረቀትና አንድ የመግቢያ ቲኬት ሰጣቸው። ቲኬቱ ላይ «ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ» የሚል ተጽፎበታል።

ሚስታቸውም በዚያው ግቢ ስፌት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የተቀደደ መጋረጃ ስትጥፍ የኖረች ናት። መጋረጃው ተጠግኖ ሲያልቅ ተሸክሞ የሚሰቅለው ሌላ ሰው ስለሆነ፣ እሷም የሰፋችው ነገር ተሰቅሎ አይታ አታውቅም። «አንተ ግባና አይተህ ንገረኝ» ትላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ብቻዬን ሄጄ ምን ልሠራ?» እያሉ ቲኬቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ወሸቁት። አብረው የሚገቡበት ቀን ሲጠበቅ እሷ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ቲኬቱ እዚያው ቀረ።

ቲኬቱን ከቁም ሳጥን ያስወጣው በእሳቸው ቦታ የተተካው አትክልተኛ ነው። አንድ ማለዳ ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ የኮኳ ዛፍ ልትቆረጥ ነው።»

«ምን አደረገች?»

«ምንም። ትርጉም የላትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድሳት ኮሚቴ ተቋቁሞ የአትክልቱ ቦታ ወደ ጥንት መልኩ ይመለስ ብሎ ወሰነ። ይህ የአትክልት ቦታ ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር የአንድ ነገር ምሳሌ ነው እየተባለ ሲወራለት የኖረ ነው። ስለዚህ በግቢው ያለው ተክል፣ ድንጋይና መንገድ ሁሉ ከነስሙ፣ ከነዕድሜውና ከነትርጉሙ በመዝገብ ይስፈር፣ ትርጉም ያልተገኘለትም ይነሳ ተባለ። ትርጉሙን የሚያስረዳ ወረቀት ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ከተሰበሰበ በኋላ አስጎብኚዋ በጎብኚ ፊት የምትናገረው ነገር እንደ ማስረጃ ይያዝ ብሎ ተገላገለ። የሷ ማስረጃ ከሷ በፊት የነበረው አስጎብኚ ነው፤ የሱም ከሱ በፊት የነበረው። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ደግሞ ጎብኚ እንዳይሰለቸው ሲል ካፉ የመጣለትን ይናገር እንደነበር አዛውንቱ በጆሯቸው ሰምተዋል።

ስለ ኮኳ ግን ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። እንዴት ይበል? ሚስታቸው ምሳ ሰዓት ላይ ከስፌት ክፍል ወጥታ ግንቡ ጥግ ትቀመጥና ኮክ ትበላ ነበር። አንድ ቀን በልታ ስትጨርስ ዘሩን ወረወረችው። በገመድ ተለክተው ከተተከሉት ጽዶች መሀል በቀለ። አትክልተኛው ሊነቅሉት ይገባ ነበር፤ አልነቀሉትም። አለቃ ሲመጣ የውሃውን በርሜል ከፊቱ እያቆሙ ሦስት ዓመት ደበቁት። ከዚያ ወዲያ ቁመቱ በርሜሉን አለፈ፣ አለቃውም ተቀየረ። ሚስታቸው ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ምሳዋን የበላችው በዚያ ዛፍ ጥላ ነው። ከሞተች ወዲህ አዛውንቱ መቃብሯ ላይ ቆመው የሚሉት ይጠፋቸዋል። እሷን የሚያገኟት ከዛፏ ዘንድ ይመስላቸዋል።

አዛውንቱ ቲኬታቸውን ይዘው ሊገቡ የቆረጡት የመጨረሻው ምዝገባ በሚደረግበት ቀን ነበር። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ከመውጣታቸው በፊት ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው።

«አባዬ፣ የሰው እንጀራ ውስጥ እንዳትገባ። አስጎብኚዋ የምትለውን ሁሉ ማረም የለብህም።»

«እኔ ማንን አርሜ አውቃለሁ?»

«ባለፈው ቄሱን በእማዬ ቀብር መሀል አርመሃል።»

«ዕድሜዋን አሳስተው ነዋ። ይሁን፣ አፌን ለጉሜ እመለሳለሁ።»

ጎብኚዎቹ ሃያ ያህል ይሆናሉ። ከፊት አስጎብኚዋ ዱላ ጫፍ ላይ ቢጫ መሀረብ አስራ ትመራለች፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ድምጿ የተገራ ወጣት ናት። ከኋላ ባለመዝገቡ ይከተላል። ይህ ሰው የኮሚቴው ጸሐፊ ነው፤ ብብቱ ውስጥ ወፍራም መዝገብ፣ ኮት ኪሱ ውስጥ ደግሞ የሚነሳው ነገር ላይ የሚያስራቸው ቀይ ጨርቆች አሉት። ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቡ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሞልተው ማየት ይወዳል፣ ያ ብቻ ነው።

አዛውንቱ የፊት ለፊቱን ደረጃ ሲወጡ እግራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ታላቁ አዳራሽ ሲገቡ አስጎብኚዋ ወደ መስኮቶቹ አመለከተች። «እነዚህ መጋረጃዎች ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ናቸው። እስከ ዛሬ አንዲት ክር አልተነካችም» አለች። አዛውንቱ ጠጋ ብለው የመጋረጃውን ግርጌ አዩ። ጥልፍልፍ ያለች፣ ደቃቅ፣ ወደ ግራ የምታዘነብል ስፌት አገኙ። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ግራኝ ነው፤ ግራኝ የሆነች ደግሞ በቤታቸው አንዲት ነበረች። የሸሚዛቸው ቁልፎች ሁሉ የተተከሉት በዚያ አኳኋን ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምላሳቸውን ነከሱ፤ እስከዚህ ድረስ ለልጃቸው የገቡትን ቃል ጠብቀዋል።

ወደ አትክልቱ ሲወጡ ግን ፈተናው ጠና። «ሰባቱ ጽዶች ሰባቱ የንግሥና ምግባሮች ናቸው» ተባለ። ስምንተኛውን ምግባር የውሃ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ጨፍልቆት እንደነበር አዛውንቱ ያስታውሳሉ። ዋጡት። «ባዶው መቀመጫ ሥልጣን ኃላፊ መሆኑን ያሳያል» ተባለ። ከላዩ የነበረው ሐውልት ለጥገና ሄዶ ሳይመለስ የቀረበት ደረሰኝ በእሳቸው መሣሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ዓመታት ተሰቅሎ ነበር። ይህንንም ዋጡት። ባለመዝገቡ እየተከተለ ሳጥኖቹን ይሞላል፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል።

መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ድንገት ወደ ጎን የሚታጠፍ መንገድ አለ። አስጎብኚዋ እዚህ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ንጉሡ በቀጥታ ወደ ዙፋኑ መሄድን ንቀው፣ ሰው ጎንበስ ማለትን ይማር ሲሉ ይህን መንገድ በገዛ እጃቸው አጎበጡት። የትሕትና መንገድ ይባላል።»

አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ ቧንቧ ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ከሥሩ ቧንቧ ፈንድቶ ነው። ቆፍረን ብናየው ጉድ ሆነ። አለቃው ለጊዜው ዙሩት አለ፣ እኔ ነኝ በአካፋ ያጎበጥኩት። ንጉሥ የሚባል እዚህ አላየሁም።»

ጎብኚዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አዛውንቱም ትንሽ ኮራ አሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚሰማ ሰው አግኝተው አያውቁማ። ኩራቱ ግን አልቆየም። ባለመዝገቡ ቀረብ ብሎ «ትሕትና» የሚለውን በቀይ ሰርዞ «ቧንቧ» ብሎ ጻፈ፣ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ቧንቧ ትርጉም አይደለም። ከኪሱ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አሰረ።

አስጎብኚዋ ፊቷ ቀላ። ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «አባባ፣ ምን በደልኩዎት? ከሁሉ የምወደው እሱን ነበር» አለቻቸው። አዛውንቱ ልጃቸው ያለችው ትዝ አላቸውና አፈሩ።

ቀጥሎ ኮኳ ናት። አበባ ላይ ነበረች። አስጎብኚዋ እንደ ወትሮዋ ቢጫ መሀረቧን ከፍ አድርጋ ልታልፍ ስትል ባለመዝገቡ «ይቺስ?» አለ።

«ስለሷ የተነገረኝ ነገር የለም» አለች። ቀኑን ሙሉ የተናገረችው ንጹሕ እውነት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ባለመዝገቡ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ቆይ» አሉ አዛውንቱ። «ትርጉም አላት። ባለቤቴ ናት የተከለቻት። ማለቴ፣ በልታ የጣለችው ዘር ነው። እዚህ ነበር የምትቀመጠው።»

ባለመዝገቡ በአክብሮት አዳመጣቸው። «ነፍስ ይማር። ባለቤትዎ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ነበሩ?»

«ከስፌት ክፍል ነበረች።»

«አባቴ፣ እውነት አዝናለሁ። ግን እሱ የግል ጉዳይ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም።» ቀይ ጨርቁን አወጣ።

አዛውንቱ ጨርቁን አዩ፣ ዛፏን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን በጨው አጠቡ።

«ይሄማ የቅርቡ ነው» አሉ። «የጥንቱን መች ነገርኩህ? ይህች ዛፍ የልዕልቷ ናት። የመጨረሻዋ ልጅ ናት ልዕልቷ። በፊት ለፊት በር መውጣት አትወድም፣ የጓሮውን በር ነበር የለመደችው። ምሳ ሰዓት ላይ ከሁሉ ተደብቃ መጥታ እዚህ ግንብ ጥግ ኮክ ትበላለች። የሚወዳት ሰው ነበረ። ደሀ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚሠራ። አንድ ቀን በልታ ዘሩን ስትወረውር ከሱ እግር ሥር ወደቀ። እሱም ቀበረው። ሲበቅል ንቀል አሉት፣ እንቢ አለ። በርሜል እያቆመ ደበቀላት። እሷ ግራኝ ነበረች፤ መጋረጃ ስትሰፋ ክሯ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። ሳቋ ከዚህ እስከዚያ ጽድ ድረስ ይሰማል። ከሞተች በኋላ ያ ሰውዬ የሚሄድበት ጠፋው።»

ከጎብኚዎቹ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋ ውስጥ መሀረብ ፈለገች።

ባለመዝገቡ ብዕሩን አነሳና ግንዱን መታ መታ አደረገ። «ዛፏ ግን ገና ልጅ ትመስላለች።»

አዛውንቱ ለዚህ አልተዘጋጁም። አስጎብኚዋ እጃቸውን ታያለች፤ አፈር የጠገበ፣ ጣቶቹ የጠነከሩ የአትክልተኛ እጅ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከሥሯ ታቆጠቁጣለች» አለች በተገራው ድምጿ። «ግንዱ ሲያረጅ ሌላ ግንድ ይተካል። ትርጉሟም ይኸው ነው። የማይነቀል ፍቅር።»

ባለመዝገቡ «የማይነቀል ፍቅር» ብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሳጥኑን ሞላ፣ ጨርቁንም መለሰ። «የልዕልቷ ስም ማን ነበር?» አለ ቀና ሳይል።

አዛውንቱ ከሴት ስም ሁሉ አንድ ብቻ መጣላቸው። ተናገሩት። ባለመዝገቡ ጻፈው።

ሲወጡ አስጎብኚዋ አጠገባቸው ሄደች። «አባባ፣ ልዕልት መጋረጃ ሰፋች ያሉት ትንሽ በዛ።»

«አውቃለሁ ልጄ። እሱን መተው አቃተኝ። የመንገዱን ነገር ግን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

መንገዱን በኋላ ሊያቃኑት ቆፍረው ቧንቧውን መቱት፤ አትክልቱ ለሁለት ሳምንት ረግረግ ሆነ። እንደገና አጎበጡት፣ ትሕትናም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ኮኳ በሚቀጥለው ዓመት ስታብብ አዛውንቱ እንደ ማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጠው፣ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። ዛፏ ዙሪያ የብረት አጥር ቆሟል፣ «መጠጋት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም አለ። እጃቸውን ወደ ቅርንጫፏ ሲሰዱ ዘበኛው «አባባ፣ ወደ ኋላ፤ የልዕልቷ ናት» አላቸው። ሦስት ዓመት በበርሜል የደበቋት ዛፍ ናት። ወደ ኋላ አሉ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች።

አስጎብኚዋ ታሪኩን ጀመረች። ጥቂት እንባና አንድ ነጭ ፈረስ ጨምራበታለች፤ ግራኝነቷን ግን አልተወችም። በመጨረሻ «ይህች ልዕልት እንዳትረሳ ስሟን አብረን እንጥራ» ብላ ቢጫ መሀረቧን አነሳች።

ከቀብሯ ቀን ወዲህ ያንን ስም ከሳቸውና ከልጃቸው ሌላ ሰው ሲጠራው አልሰሙም። አሁን ሠላሳ የማያውቋት ሰዎች ባንድ አፍ ጠሩት። ልጅቱ ደንግጣ አባቷን አየች፤ እሷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም አልተነገራትም። አዛውንቱ ግን ጆሯቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከፊታቸው የቆመ አንድ ጎብኚ ስሙን አሳስቶ ጠርቶታል።

ትከሻውን መታ አደረጉት። «እንዲህ አይደለም የሚባለው» አሉና በትክክል ነገሩት። ልጃቸው በዚህ ጊዜ አልከለከለቻቸውም።

ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ጠራት።