ሦስት ሐኪሞች ያሉት ሆስፒታል

በምሠራበት ጤና ቢሮ ውስጥ «ጠንቋዩ» ነው የሚሉኝ። የዛሬ ዐሥር ዓመት የትኛው ሆስፒታል ስንት ሐኪም እንደሚጎድለው የምተነብየው እኔ ነኛ! ሲያሾፉብኝ አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ባለፈው ማክሰኞ ታላቅ እህቴ ደወለች። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል ሐኪም ናት፤ ብቻዋን። ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች አራት ወር ሆኗታል። ቀዶ ጥገናው ለመጪው ሰኞ ተይዞላት፣ የሁለት ወር ፈቃድ ጠይቃ ነበር።

«ከለከሉኝ» አለች። «ሦስት ሐኪም አላችሁ፣ ተጋግዛችሁ ሸፍኑት ይላል ደብዳቤው። አንተ፣ ሁለቱ እነማን ናቸው? እባክህ ላካቸውና ምሳ እንኳ አብረን እንብላ።»

ሳቀች። እኔ ክው አልኩ። ሁለቱን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

እኛ ቢሮ ሐኪም ሲለቅ ስሙን ከዝርዝር አናወጣም። መደቡ ሁለት ዓመት ክፍት ከቆየ ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ደግሞ ወደፊት ለሚመጣው ሐኪም ቦታ የለም። ስለዚህ አንዱ ከለቀቀ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሌላው ውጭ አገር ታክሲ ይነዳል፤ በወረቀት ግን ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ከእህቴ ጋር በሽተኛ ያያሉ። ለነገ ብዬ ነው። ለነገ! ድፍን ቅል!

ሁለቱን ሰርዤ፣ የማረሚያ ደብዳቤ አትሜ ኃላፊው ዘንድ እየሮጥኩ ገባሁ። አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ይኸውልህ ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «እነሱ ከወጡ እሷ ብቸኛ ሐኪም ሆነች ማለት ነው። ብቸኛ ሐኪም ያለ ተተኪ ፈቃድ አይሰጠውም፤ መመሪያው የታወቀ ነው።»

«ተተኪ ስጧታ!»

«ከየት አባቴ ላምጣ? አንተው አይደለህ እንዴ ትርፍ ሐኪም የለም ብለህ የጻፍከው?»

እውነቱን ነው። ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ስደውልላት ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። ሁሉንም ነገርኳት። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ሰኞ ጥለሽው ሂጂ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ለማን ጥዬ? ዛሬ ብቻ ሁለት እናቶች በቀዶ ጥገና አዋልጃለሁ።» ማልቀሴን ሰማች። «በል አታልቅስ። ወረፋው በሩን አልፏል» ብላ ዘጋችው።

ከሰዓት የዐሥር ዓመቱ ዕቅድ ባስቸኳይ ይፈለጋል ተባለ። ኮምፒውተሩ እህቴ ጡረታ እስክትወጣ ያላትን ጊዜ አስልቶ የሆስፒታሏን መስመር በራሱ ሞላው፦ ዘንድሮ አንድ ሐኪም፣ የዛሬ አምስት ዓመት አንድ፣ የዛሬ ዐሥር ዓመት አንድ። ከሥሩ «ያጸድቃሉ?» ይላል። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አጸደቅሁት።