ያልተነገረው ስፌት

ኦዶቺ ኦዌሪ ከተማ ልጇ ኡሉማ ቤት በገባች ማግስት፣ ገና ሳይረፍድ፣ ትልቁን ድስት ከሰል ላይ ጣደች። አራስን ማሸት የወላጅ እናት ድርሻ ነው፤ ከመንደር የመጣችውም ለዚሁ ነበር። ወፍራም ፎጣ አጠፈች፤ የዘንባባ ፍሬ ዘይቱን ከሰሉ ዳር አስጠግታ አለሰለሰች፤ ጥፍሯን ከረከመች፤ ቀለበቷን አውልቃ መስኮቱ ላይ አኖረች።

«ከሆድሽ እንጀምራለን» አለች። «ፎጣውን ከፈላው ውሃ ነክሬ እጫነዋለሁ። የረጋው ደም ካልወጣ ሆድሽ እንደተነፋ ይቀራል።»

ኡሉማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ባሏን አየችው። ቼታ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ልጁ የተወለደው በቀዶ ጥገና ነበር። የቼታ እናት ግን «ምራቴ ያለ ቢላ ትገላገላለች» ብላ በጸሎት ማኅበሯ ፊት ተናግራ ጾማ ነበር። ስለዚህ ቼታ ለሁለቱም እናቶች «በራሷ ወለደች» ብሎ ደወለ፤ ሚስቱንም ዝም አሰኛት።

«እማዬ፣ ጀርባዬንና እግሬን ብቻ እሺልኝ።»

«እግር ለሯጭ ነው! በእግርሽ ነው እንዴ የወለድሽው?»

«ሆዴ እንዲነካ አልፈልግም።»

«አራስ ደግሞ መቼ መርጣ ታውቃለች! እኔ አንቺን ወልጄ አያትሽ ስትጫነኝ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼአለሁ። ይኸው አልሞትኩም።»

ቼታ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ቀስ ብለው ይጫኑሻል፣ ኡሉ። ትንሽ ቻይው።»

ስታስል እንኳ ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ የምትይዘው ኡሉማ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «ልቻለው? አንተ እውነቱን መናገር ሳትችል እኔ የፈላ ውሃ ልቻል?»

ሽርጧን ፈትታ የሆዷን ፋሻ አሳየች።

ኦዶቺ ከፈላው ውሃ ያወጣችውን ፎጣ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ አጠገቧ ያለው ሳፋ ውስጥ ወረወረችውና ወደ አማቿ ዞረች።

«ልጄን በገዛ እጄ ልታስገድለኝ ነበር?»

«ኧረ እማማ፣ እናቴ ብትሰማ በማኅበሩ ፊት እንዴት ቀና ትላለች ብዬ…»

«የእናትህን ፊት ተወውና የዚህችን ሆድ እይ!»

የፈላውን ውሃ ጓሮ ወስዳ ደፋችው። ለብ ያለ ውሃ አቀረበች፤ ከልጇ ጀርባ ትራስ ደራረበች። ዘይቱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እንዲህ ነድጄ አራስ አልነካም፤ የተቆጣ እጅ ሰውነት ያሳምማል። አንተ ና፣ ተንበርከክ። ከተረከዟ ወደ ላይ እሽላት። ቀስ! ልብስ ነው እንዴ የምታጥበው?»

ቼታ አቀርቅሮ አሸ።

«አሁን ለእናትህ ደውል» አለች ኡሉማ።

«እጄ ዘይት ነው፣ በኋላ…»

ስልኩን ከኪሱ መዝዛ ራሷ ደወለች፤ አፉ ላይ ደገነችው።

«እናቴ…» አለ።

ኡሉማ እግሯን ከእጁ ሳበች። «ተናገር።»

«በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው። ዋሽቼሻለሁ።»

ከወዲያ ማዶ ጩኸቱ ተነሳ። ቼታ ስልኩን እንድትዘጋለት በዓይኑ ለመናት። አልዘጋችውም፤ እግሯንም አልመለሰችለትም።