ዘመድ ያጣው ንጉሥ

ንጉሡ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ረጅም ፀጉሩ ትከሻው ላይ ተለጥፏል፤ ዘውዱን ሌላ ሰው ይዞለታል። ንግሥቲቱ ከጎን ሆና እጆቿን አጣምራለች፤ ፊቷ ላይ፣ ስንት ዓመት የነገረችው ነገር በመጨረሻ የገባው ባል ያላት ሴት እርጋታ ይታያል። ሀይሉ ሥዕሉን ከልጁ መጽሐፍ ላይ፣ በፍርፍሩና በሻዩ መካከል፣ ደጋግሞ አየው። የንጉሡን ፊት ያውቀዋል። ጠዋት ሲላጭ መስታወቱ ውስጥ አይቶታል።

ውጭ ቺኑክ ነበር። ከተራሮቹ የወረደው ሞቃት ነፋስ የሳምንቱን በረዶ በአንድ ሌሊት አቅልጦት፣ የካልጋሪው ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ጣሪያዎች ሁሉ ያንጠባጥባሉ። በዚያ በፈረንጆቹ የዘጠና ስድስት ማርች፣ እሁድ ጠዋት፣ ከተማው በእንቅልፍ ልቡ ላብ በላብ የሆነ ይመስል ነበር።

ንጉሡን፣ ክሎቪስን፣ ወደዚህ ቤት ያመጡት ፓስተር ሳሙኤል ናቸው። ለሀይሉ በጥምቀት ትምህርቱ ላይ፣ የዛሬ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ስለነበረው የፍራንኮች ንጉሥ ተረኩለት። ሚስቱ ክሎቲልድ አምናለች፤ እሱ አላመነም። የመጀመሪያ ልጃቸውን አስጠመቀችው፤ ሕፃኑ ነጩን ልብስ ሳያወልቅ ሞተ። ሁለተኛውም ተጠምቆ ታመመ፤ እሷ ጸለየች፤ ዳነ። ንጉሡ ግን ጦር ሜዳ ላይ ሠራዊቱ ማለቅ እስኪጀምር ድረስ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ለሚስቱ አምላክ ተሳለ፦ ካሸነፍኩ እጠመቃለሁ። አሸነፈ፤ ገባ።

ሀይሉ ሲተረክለት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ባለፈው ኖቬምበር፣ የሁለት ዓመት ልጁ ማትያስ በማጅራት ገትር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ለስላሳ የሚሸጠው ማሽን ፊት ቆሞ፣ «የውብነሽ ጌታ ሆይ» ብሎ ነበር ስለቱን የጀመረው። ማንም አልሰማውም። ልጁ ሲድን ግን ራሱ ሄዶ ለሚስቱ ለውብነሽ ነገራት። ካናዳ ከገባ ወዲህ ያለ ምስክር የገባው ውል ይኼ ብቻ ስለነበር፣ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር።

«አባዬ፣ ፓስተር የታሪኩን ኤንድ ነገሩህ?» አለች ናዝራዊት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቷ በፈረንሳይኛ ስለሚያስተምር መጽሐፉን የምታነበው እሷ ብቻ ናት።

«ተጠመቀ። አለቀ።»

«ኖ! ከዚያ በኋላ እኮ ዘመዶቹን ኪል አደረጋቸው። ላይክ፣ ሁሉንም። ከዚያ ደግሞ ሰው የለኝም፣ ሰው አገር እንዳለ እንግዳ ሆንኩ ብሎ አለቀሰ።»

«ተጸጽቶ?»

«ኖ፣ አባዬ። የተረፈ ካለ አዝኖለት እንዲመጣ። ኪል ሊያደርገው።»

ውብነሽ ከማትያስ ጫማ ቀና ሳትል፣ «ፓስተር ሰዓት አጥሯቸው ይሆናል» አለች።

ሀይሉ ካልጋሪ ውስጥ ያለው ዘመድ አንድ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ደርበው። ስፖንሰር አድርጎ ያመጣው፣ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚሄዱ ክንዱን ይዞ ያስተማረው እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት በስልክ፣ «በአርባ ቀንህ ክርስትና ተነሥተሃል። እናታችን አቅፋህ ስትሄድ ጥላ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ሌላ ውሃ ከገባህ ያኛው ከንቱ ነበር ማለትህ ነው። ይህን ካልክ ወንድም የለኝም» ብሎ ዘግቶበታል።

ከምሳ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነዳ፣ ሀይሉ ሳያስበው ይሁን አስቦበት፣ መኪናውን ደርበው ወደሚኖርበት ወደ ኤሪን ውድስ አጠፈው።

«ልትሰናበተው ነው?» አለች ውብነሽ።

«አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።»

ደርበው ደጁ ላይ የቀረውን በረዶ በአካፋ ይዝቃል። ነፋሱ እስከ ማታ በነጻ የሚሠራለትን ሥራ ቀድሞት መጨረስ የሚፈልግ ሰው ነው። ቀና አላለም።

«ፎጣ ረስተህ ነው?»

«ጋሼ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

አካፋው ቆመ። በአርባ ቀኑ ቄሱ ያወጡለትን ያንን ስም፣ ሰፈር የማይጠራውን፣ ሀይሉ ከጠፋበት ቆይቷል። እናታቸው ካረፈች ወዲህ በዓለም ላይ የሚያውቀው ይህ አካፋ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

«ምን ያደርግልሃል?»

«በእሱ እንዲያጠምቁኝ። ተስያለሁና አልቀርም። ግን ያኛውም ውሃ ይኼኛውም የአንድ ሰው ይሁኑ።»

«ፈቀዱልህ?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

ደርበው ሊስቅ ነበር፤ ተወው። «ድሮም በሁለት ቢላዋ መብላት ትወዳለህ። እናታችን አደራ ያለችኝን ስም ለፓስተር አላውስም። ሂድ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ናቸው።»

ሀይሉ ተመልሶ መሪውን ያዘ። ያ ንጉሥም ዘመድ ማጣት የጀመረው እንዲህ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ በሰይፍ ሳይሆን፣ ደጅ ላይ ቆሞ የጠየቀውን በማጣት።

ቤተ ክርስቲያኑ የፈረንጆች ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለአማርኛው ጉባኤ ያከራያሉ። ነጩ ካባ አጠር ላለ ሰው የተሰፋ በመሆኑ ቅልጥሙ ላይ ቀረ። ገንዳው ከመድረኩ ኋላ ነው፤ ደረጃውን ሲወርድ ውሃው ለብ ብሎ ተቀበለው፤ ካባው እንደ ደመና ዙሪያውን ተነፋ። መዝሙሩ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማዋል። የውብነሽ ፊት፣ የማትያስ እጅ፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ ሁሉም ክብደት አጥተው ይዋኛሉ። አንድ ሰው ኋላ በሩን ከፈተ። ገባ፤ አልተቀመጠም። ካፖርቱን አላወለቀም፤ ቦት ጫማው ምንጣፉ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል።

ደርበው ነው።

ፓስተር ሳሙኤል አንድ እጃቸውን ሀይሉ ጀርባ ላይ አደረጉ። መዝሙሩ ቆመ።

«ወንድም ሀይሉ፣ ጌታን አምነሃል?»

«አምኛለሁ።»

«እንግዲያው ወንድም ሀይሉ፣ በአብ...»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ፓስተር።»

ፓስተሩ ጎንበስ አሉ። «በረደህ?» አሉት በሹክሹክታ።

«አይ። ስሜን እየጠበቅሁ ነው።»

ከፓስተሩ ትከሻ በላይ ወደ በሩ እያየ ነበር። መጀመሪያ ውብነሽ ዞረች፤ ቀጥሎ የፊተኛው ረድፍ፤ ከዚያ ጉባኤው በሙሉ፣ ወንበሮቹ እየተንቋቁ፣ ካፖርቱን ወዳላወለቀው ሰው ፊቱን መለሰ። ደርበው ኮፍያውን ከራሱ ላይ በቀስታ አነሣ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።