ባዶውን የቀረው አገልግል

«አንቺ አየሁሽ! ኧረ ምን ጉድ ነው ይሄ?»

እማማ ውቢት የአገልግሉን ክዳን በአንድ እጃቸው ይዘው ጓሮው መሀል ቆመዋል። ትናንት ከቀብር መልስ ጎረቤታቸው ፈንታነሽ እንጀራና ወጥ ይዛበት የመጣችው አገልግል ነው። ተበልቶ፣ ተወልውሎ፣ ለባለቤቱ ሊመለስ ሲል ሆዱ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ተጋድሞ ተገኘ።

አየሁሽ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን የሚያለቅስ ሰው አነጋገር አልነበረም።

«መጽሐፍ ነው፣ እማማ። ለፈንታነሽ ነው።»

«መጽሐፍ መሆኑንማ አየሁት፣ አልታወርኩ! የእዝን ዕቃ እኮ ባዶውን ነው የሚመለሰው። የጎረቤት ዕቃ ላይ ቆሎም ቢሆን ጣል የሚደረገው በደኅናው ቀን ነው። ከለቅሶ ቤት እህል አይወጣም፣ ልጄ።»

«እህል አይደለማ!»

እማማ ውቢት መጽሐፉን ገለበጥ አድርገው አዩት። የእድሩን ሴቶች ሲያዝዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። እህል አለመሆኑንማ ምን ይሉታል? ክዳኑን ገጠሙና «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው አገልግሉን ይዘው ወጡ።

ሟቿ ይርጋነሽ የሞጣ ልጅ ናት። ለሥራ ቢቸና መጥታ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገብታ፣ እማማ ውቢት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በዚያው ቀረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ያላት ነገር ቢኖር መጽሐፍ ነው፤ የክፍሏን አንድ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ የባሕር ዛፍ መደርደሪያ ይዞታል። አየሁሽ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ የምትሰፋ ጓደኛዋ ናት። ከዘመድ በላይ አልቅሳለች፤ ግን ዘመድ ስላልሆነች በንብረቱ ላይ ቃል የላትም።

ቃል ያለው ገላው ነው፤ የይርጋነሽ ታላቅ ወንድም፣ ሞጣ ላይ የበርበሬና የቅመም ሱቅ ያለው። ትናንት ከቀብር ተመልሶ መደርደሪያው ፊት ቆመና ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ።

«እህቴን ያለ ባል፣ ያለ ልጅ ያስቀሯት እነዚህ ናቸው። መቀበሪያዋን እንኳ ከእናቷ ጎን አላደረገችም፤ ቢቸና ይሁንልኝ አለች። ሰልስት እንደወጣ በአይሱዙ ጭኜ እወስዳቸዋለሁ። ለበርበሬ መጠቅለያ ይሆናሉ፤ ከሞተች በኋላ እንኳ አንድ ጥቅም ይስጡ እንጂ!»

ሐዘንተኛን ማን ይናገረዋል? አየሁሽ ግን ደሟ ፈላ። ይርጋነሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያነበበችው ገጽ ተጠምዝዞ በርበሬ ሲቋጠርበት ታያት። እኔ ቆሜ እያለሁማ አይደረግም አለች በልቧ።

ጳጉሜ በገባ ቁጥር ይርጋነሽ መደርደሪያዋን ታራግፍ ነበር። «አዲስ ዓመትን በሞላ መደርደሪያ አልቀበልም፤ የሚመጣው የት ይግባ?» ትላለች። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲልማ ጣውላው ብቻ እስኪቀር ነው የሰጠችው። የተረፋትን በዘንቢል ይዛ ትወጣና ካርድ ክፍል ወረፋ ለሚጠብቀውም፣ ለጥበቃውም፣ መንገድ ላይ ላገኘችውም «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው» እያለች ታድላለች። ምርጫዋ ደግሞ አይጣል ነው! ለአኩራፊ ሰው የሚያስቅ፣ ሲያላግጥ ለሚውል ሰው ሆድ የሚያባባ ትሰጣለች። ሲመልሱላት «ወደዳችሁት ወይ?» አትልም። «ለማን ይሆናል ብላችሁ አሰባችሁ?» ነው የምትለው። ከዚያማ ክርክሩ አያልቅም።

ሕጓ አንድ ነው። ያላነበቡትን ለሰው አይሰጡም። አየሁሽ ይህን የተማረችው ተዋርዳ ነው።

ጓደኝነታቸው በጀመረ ሰሞን ገበያ ዳር ከአዟሪ ላይ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ገዝታ፣ በቀይ ሪቫን አስራ ወሰደችላት።

«አንብበሽዋል?» አለቻት ይርጋነሽ፣ ሪቫኑን ሳትፈታ።

«ኧረ እኔ የት አውቄ! ላንቺ ብዬ ነው የገዛሁት።»

«እንግዲያው ውሰጂና አንብቢው። ስትጨርሺ ታመጪልኛለሽ።»

አየሁሽ መሬት ብትውጣት ወደደች። ትምህርቷን አቋርጣ መርፌ የያዘች መሆኗን አውቃ ያሾፈችባት መሰላት፤ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ በእልህ አነበበችው። ክረምቱን ሙሉ ፈጀባት። ሲያልቅ ይዛው ሄደችና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

«አይሆንሽም! ሰውዬው እንደሚሞት ገና ከመጀመሪያው ያስታውቃል። ሚስቱም ስታለቅስ የእውነት አትመስልም!»

ይርጋነሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ተመስገን! አሁን ጓደኛ አገኘሁ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ከአየሁሽ የስፌት መኪና ሥር መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን የቸገራት ያው ሕግ ነው። ሰልስት እስኪወጣ ያነበበቻቸውን ታድናለች፤ ያላነበበቻቸውን ግን እንዴት ታድርጋቸው? ብታስብ ብታስብ መላ ስታጣ እነሱን ተወቻቸው። መደርደሪያው ፊት ቆማ አንድ በአንድ እያነሳች ይርጋነሽ ብትሆን ለማን ነበር የምትሰጠው እያለች መረጠች። ከአማቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የምትኖረው ፈንታነሽ ከሳቀች ቆይታለች፤ በአንዲት በቅሎ የተጣላው መንደር ታሪክ ለእሷ ሆነ። አስር አለቃ ሰማው ጡረተኛ ናቸው፤ ለእሳቸው የጦር ሜዳ ትዝታ። ለመምህርት አገሬ ደግሞ የፍቅር ታሪክ። ዕቃው ሲመለስ መጽሐፉም አብሮ ሄደ።

ስህተት የመጣው ከክር ነው። ዕቃ እንዳይቀያየር የየቤቱ አገልግል ማንጠልጠያ ላይ ክር ይታሰራል፤ የአስር አለቃ ቤትና የመምህርት አገሬ አገልግሎች ግን ሁለቱም ቀይ ክር ነበራቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስር አለቃ ሰማው መጽሐፉን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው የለቅሶው ድንኳን መግቢያ ላይ ቆሙ።

«ይሄን ማነው የላከልኝ?»

አየሁሽ ሽፋኑን ስታይ ክው አለች። «ይቅርታ፣ አስር አለቃ! ተሳስቼ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ነው...»

«ዝም በይ! ልጅቱን ያገባታል ወይስ አያገባትም? እሱን ብቻ ንገሪኝ!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏቸው ሁሉም አፋቸውን ያዙ። ከሴቶቹ ወገን መምህርት አገሬ እጇን አወጣች። «የእርስዎ እኔ ጋ ነው፣ አስር አለቃ። ጦርነቱ መሀል ደርሻለሁና እንዳይቀሙኝ፤ ጨርሰን እንለዋወጥ።» ጥግ ላይ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ካርታቸውን አስቀመጡ። አንዱ ይርጋነሽ አምና ስለሰጠችው መጽሐፍ አነሳ፣ ሌላው ለእኔ ከሰጠችኝ አይበልጥም ብሎ ተከራከረ።

አስር አለቃ ሰማው ተቀመጡ፤ ሳቃቸውም በረደ።

«ልጄ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ አይዞህ እያለ አደነቆረኝ። ይርጋነሽ መጽሐፍ አስቀምጣልኝ ወጣች። ሰደብኳት፤ ስድቤን ጠጥታ ሄደች። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ገለጥኩት። እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።»

«ምን ይላል?» አለ አንድ ድምፅ። ገላው ነበር። ከመጣ ጀምሮ ስለ እህቱ ሰውን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

«ልጁ ስለሞተበት ሰው ነው» አሉ አስር አለቃ። «ሌላ ምን ይላል?»

ገላው ተነስቶ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከይርጋነሽ ክፍል ጩኸቱ ተሰማ። «የእህቴን ቤት ማነው የዘረፈው?»

አየሁሽ አገልግል እንደያዘች የክፍሉ ደፍ ላይ ቆመች። ወደ ኋላም አላለችም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ ገላው። ዘረፋ ግን አይደለም፤ የእዝን ዕቃ እየመለስኩ ነው።»

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ጓደኛዋ ነኝ። ሰጥታ የማትጠግበውን ነገር በርበሬ ሲቋጠርበት ቆሜ አላይም። ካስፈለገዎ ፖሊስ ይጥሩ።»

«ዕቃውን ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ውቢት ከኋላዋ። «እኔንም አብረህ አሳስረኝ!»

ገላው ሁለቱን አየና ዓይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። ታችኛው ጣውላ እንደሞላ ነው።

«እነዚህንስ ለምን አልነካሻቸውም?»

ከለቅሶው ሁሉ አየሁሽን ይሄ መልስ ከበዳት። «አላነበብኳቸውም። ያላነበቡትን ለሰው አይሰጡም፤ የይርጋነሽ ሕግ ነው። እነሱን... እነሱን መውሰድ ይችላሉ።»

ሰልስት ወጣ፤ ድንኳኑ ፈረሰ። አይሱዙው ላይ አልጋው፣ ሳጥኑና የታችኛው ጣውላ መጻሕፍት የታጨቁባቸው ካርቶኖች ተጫኑ። አየሁሽ ማየት አልቻለችም። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ታገለች፤ ቀዳዳው አልታይ አላት። አሁን ማን «ለማን ይሆናል?» ይላታል? አሁን ማን ጋ ሄዳ ነው መጽሐፍ ዘጭ የምታደርገው? ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው እንባ ጨርቁ ላይ ወረደ።

መኪናው በረንዳዋ ፊት ሲደርስ ቆመ። ገላው አገልግል አንጠልጥሎ ወረደ።

«ያንቺ ነው አሉኝ።»

የእሷ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ይዛበት ሄዳ እዚያው ረስታዋለች።

«የሰው ሁሉ ዕቃ መጽሐፍ ይዞ ሲሄድ ይሄ ብቻ ባዶውን ጓሮ ተቀምጦ አየሁት» አለ ገላው።

ክዳኑን ከፈተችው። ጀርባው የተላጠ፣ አንብባው የማታውቀው መጽሐፍ ነው።

«የቱ እንደሚሆንሽ መች አውቃለሁ! ጀርባው የተላጠውን አነሳሁ፤ እጇ የበዛበት እሱ ይሆናል ብዬ።»

አየሁሽ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠግታ አልለቅም ልትል ምንም አልቀራት። ግን ከንፈሯን ነከሰችና ቀና አለች።

«አንብበውታል?»

«መች አነበብኩት!»

«እንግዲያው ይውሰዱትና ያንብቡት፣ ጋሼ። ሲጨርሱ ያመጡልኛል።»

የገላው ፊት ተለዋወጠ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

«ከአራተኛ ክፍል ወዲህ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም» አለ። «ዓመት ሊፈጅብኝ ይችላል።»

«ይፍጅ።»

«ካርቶኖቹንስ ምን ላድርጋቸው?»

«ይሄን ሲጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ።»

ገላው መጽሐፉን ከጋቢው ሥር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ መኪናው ተመለሰ። አይሱዙው በሞጣ መንገድ ታጥፎ እስኪሰወር አየሁሽ ቆማ ሸኘችው። ከዚያ አገልግሏን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ክዳኑን አልገጠመችውም።